ልክ እንዳንቺው አድርጊልኝ

የእህቴ ባል ኤሊዬን የወሰዳት በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያው ፊቴ፣ እግሩን አነባብሮ እንደተቀመጠ ነው።

ኤሊዋ ቸኩሌ ትባላለች። ቀኑን ሙሉ ትቸኩላለች፣ የትም አትደርስም፣ የፊት እግሯ ላይ ደግሞ ከጭንቅላቷ የሚበልጥ ሰዓት አስራለች። ለሕፃናት መጻሕፍት ብዬ የሣልኳት እኔ ነኝ። ጀርባዋ ላይ ያለው ድንጋይ ድንጋይ እንዲመስል ብዬ ስንቱን መስመር አጥፍቼ እንደሠራሁት የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ቢሮአችን እኔም የምኖርበት የእህቴ ቤት ሳሎን ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት። በሩ ላይ የእህቴ ባል ስም ከነማዕረጉ ተለጥፏል፤ «ዋና ዳይሬክተር» ይላል። ምክትል የለውም፣ ጸሐፊ የለውም። ያለሁት እኔ ነኝ።

አሳታሚዋ ሥዕሎቹን ለማየት የመጡ ቀን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቸኩሌን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይቺ ኤሊ ከየት መጣችልዎ?» አሉት።

«ጺሜን ስላጭ» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። «መስታወት ፊት ቆሜ፣ ድንገት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ለእንግዳችን ውሃ አምጪላቸው እስቲ።»

አመጣሁ። አናቱ ላይ አላፈሰስኩበትም። ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ቢኖር የተናደደ ሰው መጥፎ ሥዕል እንደሚሥል ማወቄ ነው።

እህቴ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ማታ ስትመጣ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አልጠበቅኳትም፤ ነገርኳት። ሰማችኝና ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለች።

«ያንቺ ስም ወጣ የእሱ ስም ወጣ፣ ያው የአንድ ቤት አይደለም እንዴ?»

«እትዬ፣ የሠራሽውን መድኃኒት ሌላ ሰው እኔ ነኝ የሠራሁት ቢል ያው የአንድ ሱቅ ነው ትያለሽ?»

«መድኃኒት ሌላ፣ ኤሊ ሌላ።»

«ባሌ ሌላ በይው።»

ጫማዋን አወለቀች። እግሯን አሸች። እኔ የምፈልገው ሽፋኑ ላይ «ሥዕል» ከሚለው ቃል ጎን ስሜ እንዲጻፍ ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ሌላም ነገር ፈለግኩ፤ ሰው በተሰበሰበበት እሱ ሲዋረድ ማየት። ሁለቱን አንድ ላይ የማገኝበትን መንገድ ራሱ እግሬ ሥር አምጥቶ ይጥልልኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አሳታሚዋ የመጽሐፉን ውል ከመፈረማቸው በፊት መምህራንን አዳራሽ ሊሰበስቡ ነው። ሠዓሊው መድረክ ላይ ተቀምጦ ቸኩሌን ከባዶ ይሥላታል፣ መምህራኑ ደግሞ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያይዋታል። ይህን በስልክ ሲሰማ ጥሩ አድርጎ ሳቀ፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ሳቁም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሚሥልበት ታብሌት ላይ ሲያጉረመርም እሰማው ነበር። ሥዕሌን ከሥር አስቀምጦ ኤሊዬን መከተል ይችላል። ከባዶ መሣል ግን ሌላ ነገር ነው።

እጁ መጥፎ አይደለም፤ ይህን ልክደው አልችልም። ያደገው በፖስተርና በባነር ሥራ ነው፤ ቶሎ ይሠራል፣ ብዕሩን ነካ ብቻ ነው የሚያደርገው። ምንም ያልተለጠፈበት የታብሌቱ መስታወት ላይ ሽው ያደርገዋል፣ የተንቀጠቀጠውን መስመር ሶፍትዌሩ ያቃናለታል። እኔ ግን እጄ ከባድ ነው፤ ቀስ እላለሁ፣ እጫናለሁ። ልሙጥ መስታወት ላይ ብዕሩ ስለሚያመልጠኝ ስክሪኔ ላይ ሻካራ ፕሮቴክተር ለጥፌያለሁ፤ ልክ ወረቀት ላይ እንደመጻፍ ነው፣ ብዕሩን ያዝ ያደርገዋል። መስመር ማቃኛውንም አጥፍቼዋለሁ። መስመሬን ማንም እንዲያርምልኝ አልፈልግም።

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ስክሪኔን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ። ድምፁን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ምስጢሩ ይሄ ነዋ» አለ።

«የምኑ?»

«የሥዕልሽ። እኔ መስታወት ላይ እየተንሸራተትኩ፣ አንቺ እዚህ ወረቀት ዘርግተሽ ቁጭ ብለሻል። ሰው ለጋሼው አይነግርም?» ታብሌቱን አምጥቶ እፊቴ አስቀመጠው። «ልክ እንዳንቺው አድርጊልኝ። ፕሮቴክተሩንም፣ የብዕሩን ጫፍም፣ ሴቲንጉንም። አንዲት ነገር እንዳትለይ።»

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እሷም ብትሰማ ደስ ስለሚለኝ ድምፄን ትንሽ ከፍ አደረግኩ።

«ጋሼ፣ እጅህ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።»

«ኧረ ተይኝ። ይሄ እጅ ያልለመደው ምን አለ?»

ነግሬዋለሁ። ደግሜ የመንገር ግዴታ አልነበረብኝም።

ዕቃውን የገዛሁት ፕሮቴክተር ከሚሸጠውና ከሚለጥፈው ከአረፋ ነው። አረፋ የምንለው የለጠፈው ሁሉ ሥር አረፋ ስለሚቀር ነው፤ እሱም በስሙ አይከፋም። ሱቁ ከአንድ ቁም ሣጥን አይሰፋም። ናሙናዎቹን ሰሌዳ ላይ በተርታ ለጥፏቸዋል፤ ጭጋግ እንደያዘው መስታወት ለስለስ ያለ፣ ወረቀት የሚመስል፣ መጨረሻው ደግሞ የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት የሚመስል። ብዕር ሰጠኝና በየተራ ሞከርኳቸው። እኔ የምመርጠው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእህቴ ባል።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ብዙ አስቤለታለሁ።»

«እንግዲህ ምርቃት ልስጥሽ» ብሎ ከመሳቢያው ቀጭን የብረት ጫፍ አወጣ። «ይሄን እዚያ መጨረሻው ላይ ሞክሪው።»

ሞከርኩት። ሲጢጥ አለ፤ በጎዳናው የሚያልፍ ሰው ዞሮ አየን። አረፋ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። «ይሄን የገዛ ሁሉ በማግስቱ ይመልሰዋል። ፕሮቴክተሩን ያርሰዋል እኮ።»

እውነቱን ለመናገር ለትንሽ ጊዜ ጎመጀሁ። አዳራሹ ታየኝ፤ ማይኩ፣ ያ ድምፅ፣ የእሱ ፊት። ግን መጥፎ ዕቃ ብገዛለት የሚያድነው ያው መጥፎው ዕቃ ነው። አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ሲያቅተው መጀመሪያ ዕቃውን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ሰው። ማተሚያው ቀለም ሲጨርስ የሚቆጣው እኔን ነው። ስለዚህ ማንም ቢፈትሸው እንከን የማይወጣለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ሲወቅሰው ደግሞ እኔ ከቅርብ እንድገኝ።

«እንደኔው» አልኩት። «ወረቀት የሚመስለውን። ጫፉንም እኔ የምወስደውን ጠንካራውን ፕላስቲክ።»

«ልለጥፍልሽ?»

«አንተ? ተወው፣ ይቅርብህ።»

የለጠፍኩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ሙቅ ውሃ ከፍቼ ክፍሉ በእንፋሎት እስኪሞላ ጠበቅኩ፤ እንፋሎቱ አየር ላይ ያለውን ብናኝ ወደ መሬት ያወርደዋል። መስታወቱን ወለወልኩ፣ የቀረችውን ብናኝ በፕላስተር እያነሳሁ ለቀምኩ፣ ፕሮቴክተሩን ከአንድ ጠርዝ ጀምሬ ቀስ እያልኩ አስተኛሁት። አንድም አረፋ አልቀረበትም። የብዕሩን አሮጌ ጫፍ በወረንጦ ነቅዬ አዲሱን ተከልኩ። ከዚያ የእኔን ታብሌት ከጎኑ አስቀምጬ ሴቲንጉን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ብዕሩ ለከባድ እጅ እንዲሆን አደረግኩት። መስመር ማቃኛውን አጠፋሁት።

እህቴ በሩን አንኳኳች። «ሻወር ውስጥ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የባልሽን ታብሌት እያጠብኩ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ። ፀጉሬ እንፋሎት ጠጥቶ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል። ፊቷ ላላ አለ። «ታረቃችሁ ማለት ነው?»

«ልክ እንዳንቺው አድርጊልኝ አለ። አደረግኩለት።»

«ተባረኪ» ብላ ዘጋችው። ይህ ትንሽ ጎረበጠኝ። ትንሽ።

እሱ የሞከረው አንዴ ነው። ፊርማውን ፈረመ። ፊርማ ደግሞ በእንደዚያ ዓይነት ስክሪን ላይ ሲያምር ልክ የለውም፤ ብዕሩ ሻሽ ሻሽ ይላል፣ መስመሩ ይከብዳል። «አየሽ» አለ፣ «ይሄው እኮ ነው።» ከዚያ የሚለብሰውን ሸሚዝ ሊመርጥ ገባ።

አዳራሹ ውስጥ መምህራኑ በረድፍ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ አሳታሚዋ ከፊት፣ እኔና እህቴ ከጎናቸው። እሱ መናገር ይችልበታል። ስለ ሕፃናት ተናገረ፣ ስለ ምናብ ተናገረ፣ መላጫውንና መስታወቱንም ደገማቸው። አንዳንዱ ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ብዕሩን አነሳ።

እንደለመደው ሽው አደረገው። ግድግዳው ላይ ምንም አልወጣም። እንደገና ሲያደርገው የደከመ ጉንዳን ሰልፍ የመሰለ የተቆራረጠ መስመር ወጣ። በዚህ ጊዜ ተጫነው፤ መስመሩ ገመድ አከለ። ሊያዞረው ሲል ብዕሩ ያዝ አድርጎት መንገድ ላይ ቆመ፤ ክቡ ጎበጠ። ማይኩ ቅርብ ስለነበር እያንዳንዷ ጭረት አዳራሹን ሞላችው።

ከኋላ ወንበር አንዱ መምህር ወደ ጎረቤቱ ዘንበል አለ። «ድንች ናት?»

«ድንች ሰዓት አታስርም።»

«ሰዓት ነው እንዴ እሱ?»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጀመረ። የሸሚዙ ጀርባ ርሶ ነበር። በራሱ መስታወት ላይ ቢሆን፣ ሶፍትዌሩ እያቃናለት፣ ኤሊ የምትመስል ነገር ያወጣ ነበር ይሆናል፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን የጠየቀኝ እንደራሱ አይደለም፣ እንደእኔ ነው።

በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የባለቤቴ እህት ልርዳህ ብላ እዚህ ላይ የማይረባ ነገር ለጠፈችብኝ። በዚህ ማንም ሰው ሊሥል አይችልም።»

የጠበቅኳት ይህቺን ነበር። እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ተይ» አለች በቀስታ። እጄን አላቅቄ ተነሳሁ።

«እስቲ ልየው፣ ጋሼ» አልኩ መድረኩ ላይ ስደርስ። «የማይሠራው የቱ ጋ ነው?»

ከወንበሩ ሊነሳ አልፈለገም። ሰው ሁሉ እያየ ስለሆነ ግን ተነሳ። ተቀመጥኩ። ብዕሩን የነካሁት የራሴን የነካሁ ያህል ነበር፤ የሠራሁት እኔው ነኝና። ከጀርባዋ ድንጋይ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ተጭኜ። መጀመሪያ ላይ የሚንሾካሾክ ነበር፤ ከዚያ የሚሰማው የብዕሩ ድምፅ ብቻ ሆነ፣ ሻሽ፣ ሻሽ። አንገቷን አወጣሁላት፣ ሰዓቷን አሰርኩላት። ሁልጊዜ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። የዚያን ቀን ግን ቀና አድርጌ ወደ ጎን እንድታይ አደረግኳት፤ እሱ ወደቆመበት። ግድግዳውን የሚያክል ዓይን ነበር። እሱም አየው።

«ይሠራል» አልኩ በማይኩ፣ ብዕሩንም መልሼ ሰጠሁት።

አሳታሚዋ መነጽራቸውን አወረዱ። ወደ እሱ ዞሩ፣ እጅግ በትሕትና።

«ጺሜን ስላጭ ነው የመጣችልኝ አላሉኝም ነበር?»

እሱ ማይኩን አየ፣ እህቴን አየ። እሳቸው መልሱን አልጠበቁም። «ሽፋኑ ላይ ስምሽን እንዴት ነው የምትጽፊው?» አሉኝ። ኤሊዋ ሥር ጻፍኩላቸው፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁሉም እያነበበ።

ቤት ደረስን። እሱ ገብቶ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ። እኔ ሻንጣዬን ጠዋት ከመውጣታችን በፊት አዘጋጅቼው ነበር፤ እህቴ ኮሪደሩ ላይ ስታየው ዕቅዴ ሁሉ ገባት።

«እንደዚህ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለብቻው ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

«እሱ የወሰደብኝ ለብቻችን ሆነን አይደለም። እንግዳ ፊት ውሃ አስቀድቶኝ ነው።»

ፊቷን አዞረች። ማልቀስ የጀመረች መስሎኝ ነበር፤ አልጀመረችም። መኝታ ቤቱ ገብታ ታብሌቱን ይዛ ተመለሰች፣ ክንዷን ዘርግታ ሰጠችኝ።

«ይሄን ነገር ታንሳልኝ ብሏል።»

የፕሮቴክተሩን አንድ ጠርዝ በጥፍሬ ፈልቅቄ ትንሽ ብቻ ቀና አደረግኩትና መልሼ ሰጠኋት።

«ከዚህ ይጀምር በይው። ቀስ ብሎ። ከቸኮለ ይቀደዳል።»

የእህቴ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ለማወቅ አልቆምኩም። ሻንጣዬን አንስቼ ደረጃውን ግማሽ እንደወረድኩ ከመኝታ ቤቱ አንድ ትልቅ ስድብ ተሰማ።