ጃምቡልማላ የሌለችበት ሪፖርት

ሠላሳ አንደኛው ሪፖርት፣ ይሄም የሞተ ነው፣ ዘጠና ቀን ሙሉ አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየውም፣ ሻልመሊ ምልክት ታደርግበትና ወደሚቀጥለው ትወርዳለች፣ አለቃዋ ኒኬት ጠዋት በስልክ ያዘዛት ቀላል ነው፣ ማንም የማይከፍተውን ሪፖርት ሁሉ መዝግቢና እስከ አስር ሰዓት ላኪልኝ፣ ወደ አዲሱ ሶፍትዌር የምናሻግረው የሚነበበውን ብቻ ነው፣ ሬሳ አንሸከምም፣ ብሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ አለቃ ሲስቅ ምን ታድርግ። ከቤቱ ሆኖ ነው የሚስቀው። ሁሉም ከየቤታቸው ናቸው፣ በዚህ ፎቅ አርባ ወንበር አለ፣ ሰው ያለበት አንዱ ብቻ፣ አንቺ ለምን ትመጫለሽ ቢሏት ቤቴ ይሞቃል ትላለች፣ ውሸቷን፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ እንደ ቤቷ የሚቀዘቅዝ ቤት የለም።

ሠላሳ ሁለት። ቆይ እስቲ። ይሄማ የራሷ ነው፣ የወተት ማኅበሩ፣ ከየመንደሩ ስንት ሊትር እንደገባ በየጠዋቱ የሚያሳየው፣ ሥራ በያዘች በሦስተኛ ወሯ የሠራችው፣ አስራ አንድ ዓመቱ፣ አረንጓዴው ቀለም እንኳ የሷ ምርጫ፣ ያኔ አለቆቹ ከበው አይተው አጨበጨቡላት፣ እናቷ ቴሌቪዥን ላይ የወጣች ይመስል ለጎረቤት ሁሉ አወራች፣ አሁን እናቷም የለችም፣ ማን ያወራላታል፣ ተይው፣ ቁጥሩን እዪ። አንባቢ፣ አንድ።

አንድ ሰው። በየቀኑ፣ እሑድም ሳይቀር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ዳጋዱ፣ የጃምቡልማላ ወተት መሰብሰቢያ፣ ስልክ ቁጥሩም አለ። እንዳለ ተይውና እለፊ፣ አንባቢ ካለው አለው፣ ትላለች፣ ጣቷ ግን ይደውላል።

ሄሎ፣ ዳጋዱ ካካ፣ ትላለች፣ አጎቴ እንደማለት፣ ከፑኔ ነው፣ የወተቱን ሪፖርት የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሽማግሌው ኋላ ጣሳ ይጋጫል። አንቺ ነሽ? ይላል፣ ሰው አለበት እንዴ፣ እኔ ማሽን ብቻ መስሎኝ። ይወዱታል ወይ? ትላለች፣ ወዲያው ታፍራለች፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ እንደ ልጅ፣ ግን መልሱን ትጠብቃለች፣ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች።

አልወደውም ልጄ፣ ይላል በቀስታ፣ እኛ የለንበትማ።

እንዴት የላችሁበትም?

መቶ አርባ መንደር አለ፣ ጃምቡልማላ የለችም፣ በየጠዋቱ የምከፍተው ዛሬስ ገብተን ይሆን ብዬ ነው፣ እኛም የምንልከው ወተት ነው እኮ፣ ውኃ አይደለም።

ታዲያ ለምን አልነገሩንም ካካ?

ነገርኩ እንጂ፣ ከሥር አስተያየት የሚል ሳጥን አለ አይደል፣ እዚያ ስጽፍ ኖሬ አምና ተውኩት፣ የተማረ ሰው ሥራ ይበዛበታል አልኩ።

ሳጥኑ። ራሷ ናት ያስገባችው፣ ሥልጠና ላይ አንባቢህን አድምጥ ብለዋቸው፣ ለማንም እንዲደርስ ግን አላገናኘችውም፣ ረሳችው፣ ማን ይጽፋል ብላ። ትከፍተዋለች። ሁለት መቶ አስራ አራት መልእክት፣ ሁሉም የአንድ ሰው። የተከበራችሁ ኃላፊዎች ሆይ፣ መንደራችን ሳትዘነጋ አልቀረችም። ዛሬም የለንም። ዛሬም የለንም፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል። የለንም፣ ሚስቴ ሆስፒታል ናት። የለንም፣ ትናንት ቀበርናት፣ ለሥራው ብዬ ነው የጻፍኩት።

የመንደሮቹን ዝርዝር ትከፍታለች፣ በእጇ አንድ በአንድ የተየበችው ነው፣ ከወረቀት፣ አንድ መስመር ዘላለች፣ በቃ፣ አንድ መስመር፣ ታስገባዋለች፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ሁለት ደቂቃ። አሁን እንደገና ይክፈቱት ካካ። ትጠብቃለች፣ ሲተነፍስ ትሰማዋለች።

ጃምቡልማላ፣ ብሎ ያነባል። አራት መቶ አስራ ሁለት ሊትር። ልክ ነው። ገብተናል።

ይቅርታ ካካ፣ ስለ ባለቤትዎም፣ አሁን ነው ያየሁት።

እሱስ አለፈ፣ ይላል፣ ተባረኪ ልጄ፣ ገላገልሽኝ፣ ከእንግዲህ በየጠዋቱ መክፈት ቀረልኝ፣ ለዓይኔም ጥሩ አልነበረም። ይዘጋል።

አይዝጉት ልትል ነበር። ለምን? ምን ልትለው?

ኒኬት ይደውላል፣ ስንት ሆነ፣ ይላል፣ ሠላሳ አንድ፣ ትላለች፣ ያ አሮጌው የወተት ነገርስ፣ ይላል፣ አንባቢ አለው፣ ትላለች፣ እሺ አሪፍ፣ ይላል፣ ይዘጋል። ወደ ሳጥኑ ትመለሳለች፣ ከመጀመሪያው መልእክት፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች ሆይ፣ ከሥሩ መልስ የሚለውን ትነካለች፣ የተከበሩ ዳጋዱ ካካ፣ መልእክትዎ ደርሶናል፣ ብላ ትጽፋለች፣ እንደማይከፍተው እያወቀች፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ስለ ሚስቱ የጻፈው ጋ ስትደርስ ምን እንደምትል ገና አላወቀችም፣ ትደርስበታለች፣ ቀስ ብላ።