የላሟ ጉሮሮ

የሴትዮዋን ባል የሰፈሩ ሰው «አዋላጁ» ይለዋል። ላም ምጥ ሲጠናባት፣ ጥጃ ሲጣመም፣ ያ ቀጭን ክንዱ የማይገባበት የለም። ስለዚህ የገዛ ላማቸው መብላት አቁማ ለሃጯን ስታዝረበርብ፣ ድምጿም ሰልሎ ስታገሳ ማንንም አልጠራም።

«ድንች አንቋታል» አለ። ከአትክልት ቤት የሚተርፈውን ነበር የሚያበሏት። እጅጌውን ሰበሰበ። «በይ መንጋጋዋን ያዢልኝ። ክንዴ እዚያው ከቀረ ከነገ ጀምሮ አላቢዋ አንቺ ነሽ።»

«ዛሬስ ማን ሆነና» አለችው።

እስከ ክርኑ አስገባ። ቢፈልግ ቢያፈላልግ ምንም የለም። ሲያወጣው ጥርሷ የጣቱን አንጓ ጫር አድርጎት ነበር፤ ውሃ ለቀቅ አደረገበትና ተወው። ላሟ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። አዝነው ቀበሯት፣ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ሁለት ወር ግድም ቆይቶ ያ እጁ ይነዝረው ጀመር። ቀጥሎ ውሃ ባየ ቁጥር ጉሮሮው ይታነቅ ጀመር። ሚስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

«ውሻ ነክሷቸው ያውቃል?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ እኛ ውሻም የለን።»

«የታመመ ከብትስ?»

የላሟን ነገር ነገረችው።

«እህቴ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ላሟን የሆነ አውሬ ወይ ውሻ ነክሷት ይሆናል። ከብት ሲይዘው የታነቀ ይመስላል፣ ሰው ይሳሳታል። ያኔውኑ ቁስሉን በሳሙና አጥባችሁ ብትመጡ ክትባት ነበረው።»

«አሁንስ?»

«ምልክቱ ከጀመረ የሚያድን ነገር የለንም። ስቃዩን እናስታግስላቸዋለን።» ሣር የሰነጣጠቀውን እጇን አየ። «መንጋጋዋን የያዙት እርስዎ ነዎት?»

ነርሷ ለሴትዮዋ የታዘዘውን የክትባት መርፌ ይዛ ባሏ አልጋ አጠገብ መጣች።

«ለሱ አስቀድሚ» አለቻት፣ የተነገራትን ያልሰማች ይመስል።

«ለሳቸው አይሠራም፣ እናቴ።»

ባሏ አንገቱን ቀና አደረገ። «እጅጌሽን ሰብስቢላት» አላት።

ሰበሰበች። መርፌው ሲገባ አልተሰማትም። የሱ ለሃጭ በአገጩ ይወርድ ነበርና ልትጠርግለት እጇን ስትሰድ ነርሷ ቀልጠፍ ብላ ያዘቻት።

«በጓንት ነው፣ እናቴ። ቆይ ላምጣልዎ።»

ነርሷ ወጣች። ሴትዮዋ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ ለሃጩ ትራሱ ላይ ሲንጠባጠብ ቆማ አየችው።