ባዶዋ ስንዝር

«እንዲህ ብለህ ከጻፍክ የእኔን ሥዕል አውጣልኝ» አለችው ታላቅ እህቱ፣ ቀለም የነካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«እትዬ፣ ረጋ በይ። አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ ባሕር ማዶ ለሚከፈተው ዐውደ ርዕይ መግለጫ የተጻፈ ነበር። የእህትና ወንድሙም የተማሪዎቻቸውም ሥዕል ሁሉ ከግርጌው አንድ ስንዝር ያህል ሳይቀባ ይቀራል። ወንድምየው፣ ራሱም ሰዓሊ ሆኖ ሳለ፣ ልማዱ ከውጭ ስመ ጥር ሰዓሊዎች የተቀዳ ነው ብሎ ጽፏል። መግለጫው ማታ ይላካል።

«የሚያውቁትን ስም ካልጠራንላቸው ዞር ብለውም አያዩን» አለ።

«የሚያውቁትማ ቤታቸው ሞልቶላቸዋል። ታዲያ እኛን ምን ሊያደርጉ ጠሩን? ስንዝሯ ከየት እንደመጣች የሚያውቁት ይኸው ተቀምጠዋል፣ ጠይቃቸው።»

መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ መምህራቸው ናቸው። ሁለቱንም ያስተማሯቸው በዚሁ ክፍል ነው፤ ሸራ ስላልነበረ ግድግዳው ላይ።

«እኔን አትነካኩኝ» አሉ። «የግድግዳው ግርጌ እርጥብ ነበር፤ ቀለም አልይዝ አለኝ፣ ተውኩት። እናንተ ሸራ ስታገኙም ተዋችሁት። ሸራ ደግሞ ምን እርጥበት አለው?»

«ጋሼ፣ ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉን?» አላቸው ወንድምየው።

«አምሮባችኋላ።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ጠቡ ግን አልበረደም። እህትየው ሥዕሎቹን ከየጥጉ እያነሳች ግድግዳው ሥር መደርደር ጀመረች፤ የራሷን፣ የእሱን፣ የተማሪዎቻቸውን፣ ይህን ክፍል አይተውት የማያውቁ ወጣቶችንም። ወንድሟ እያጉረመረመ አገዛት። ትልቁም ትንሹም መሬት ላይ ሲቆም፣ ባዶዋ ስንዝር ከአንዱ ወደ ሌላው ተያይዛ ክፍሉን ዞረች። እንደየሰዓሊው እጅ ስፋት ትንሽ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሥዕሎቹ ሲያልቁ ደግሞ የተላጠው ግድግዳ ላይ ያለው የድሮ እርጥበት ምልክት ተቀብሏት ይቀጥላል።

ወንድምየው ተንበርክኮ በጣቱ ተከተላት። የራሱ ሥዕል ላይ ሲደርስ ቆመ። ያንን ቦታ ሲተው ባሕር ማዶ ትዝ ብሎት አያውቅም፤ ጋሼ ሲያደርጉ እንዳየው እጁን ዘርግቶ ለክቶ ነበር።

ተነሥቶ ወረቀቱን ሳበና የጻፈውን ሰረዘ።

«‹በአንድ እርጥብ ግድግዳ ተጀመረ…›»

«የማን ግድግዳ?»

«ቆይ እንጂ እትዬ፣ እየጻፍኩ ነው።»

«ስማቸውን አስቀድም።»

«አስቀደምኩ። ‹መምህራችን› ይሻላል ወይስ ‹መምህሩ›?»

«‹መምህራችን› ነዋ፤ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ተጎንብሰው ስለሚቀጥለው ቃል ሲከራከሩ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። ሥዕሎቹን እንዳይነኩ ጎናቸውን ሰብሰብ አድርገው አለፉና በሩን ቀስ ብለው ከኋላቸው ገጠሙት።