መስተዋቱ ውስጥ ያለችው

«ፎቶዋ የታለ?» አሉ ጎረቤቷ እማማ ለተ ሚካኤል። «በሳልስቷ ፎቶዋ ሳይወጣ ምን ይዘን ደረት እንምታላት?»

ወይንሀረግ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ከሟቿ ከጠጅቱ ጋር ሰንጋ ተራ ባለ ቡና ቤት ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ ልደታም አንድ ቤት ኖረዋል። አልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ጎተተች። የሞላው ፎቶ ነው፤ ግን ወንዶች ብቻ።

ለጠጅቱ ካሜራ የሰጣት፣ አገሩ የገባ ፈረንጅ ደንበኛ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ ዘንድ የመጣ ሁሉ ፎቶ ሳይነሣ አይወጣም ነበር። «ኮትህን ልበስ፣ ቀና በል። ስታየኝ አመሸህ፤ አሁን ተራው የኔ ነው» ትላለች። ይስቁና እንደ ተማሪ ይቀመጡላታል። እሷን ያነሣ ግን የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ድንገት ቆመ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሚደቅሳ፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ፣ ሳይቀመጥ ጓዳ ዘለቀ።

«እግዜር ያጥናሽ። የኔን አምጪ።»

«የቱን?»

«አትቀልጂ! ፊልሙስ?»

«ፍተሻ የወጣ ቀን እሳት ውስጥ ከታዋለች።»

ስታገላብጥ አገኘችው። አልነሣም ያለ እሱ ብቻ ነበርና ጠጅቱ ተኝቶ ሳለ አንሥታዋለች፤ በካናቴራ፣ አፉን ከፍቶ። ከራስጌው መስተዋት አለ። መስተዋቱ ውስጥ ካሜራውን ደረቷ ላይ የያዘች ጠጅቱ ፈገግ ብላለች።

ወይንሀረግ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው።

«ስጪኝ!» እጁን ዘረጋ።

«አገኘሽ ወይ ልጄ?» አሉ እማማ ከውጭ።

«አገኘሁ እማማ! ይዤ መጣሁ!» ብላ ጮኸች።

ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። የሚደቅሳ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወይንሀረግ መቀስ አነሣች።

«የእርስዎን ለእርስዎ፣ የሷን ለሷ።»

የተኛው ሰው ክንድ ግን እስከ መስተዋቱ ተዘርግቶ ጠጅቱ ትከሻ ላይ አርፏል። አንጓው ላይ ቀበሌው በሙሉ የሚያውቀው ቢጫ ሰዓት አለ።

«እጄንም ቁረጪው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እጅዎን ብቆርጥ ትከሻዋ ይሄዳል።»

ክንዱን ትታ ቆርጣ የሰጠችውን ፊቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። መሄድ ግን አልቻለም፤ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዝ ጀመር።

ወይንሀረግ ቁራጩን ከፍ አድርጋ ወጣች። ለቅሶው ፈነዳ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ሊይዙላት እጃቸውን ዘረጉ፤ ለማንም አልሰጠችም። አውራ ጣቷን ቢጫው ሰዓት ላይ ተጭና፣ በሌላው እጇ ደረቷን እየመታች፣ ጠጅቱን ብቻ አሳየቻቸው።