የጫንያለው ቡፌ

ጫንያለው ዕድሜውን በንብረት ክፍል ስለጨረሰ ይሁን ወይም አምላክ ሲፈጥረውም እንዲሁ አድርጎት፣ ነገር ሲቆለፍ ነው ደስ የሚለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንኳ ቁልፍ ከወገቡ አልወረደም። ጨለለቂ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ሌላው ሰው የእንግዳ ብርጭቆና የሠርግ ፎቶ በሚደረድርበት ቡፌ ውስጥ እሱ የደረደረው ብዕር ነው። እስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለም እየጠጣ የሚጽፈውን፣ የድሮ ሰው በደረት ኪሱ ሰክቶ ሲንጎራደድበት የነበረውን ነው። ከመርካቶ የገዛው አለ። ከሟች ቤት ለምኖ ያመጣው አለ። መንገዱ አማን በነበረ ጊዜ ጊዳ አያና ድረስ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ቄስ በማር የለወጠውም አለ። በአንዳቸውም ጽፎ አያውቅም። ለስልክ ቁጥር መጻፊያ የሱቅ እስክሪብቶ ይበቃዋል። ብዕሮቹን እሑድ እሑድ አውጥቶ በጨርቅ ይወለውላል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያቸዋል፣ ይመልሳቸዋል፣ ይቆልፋል።

ጓደኛው ቀነአ የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት አብረው አርጅተዋል፤ ጫንያለው ዕቃ ሲቆልፍ፣ ቀነአ በተማሪዎች የምስክር ወረቀት ላይ ስም ሲጽፍ። ዛሬም በየሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእሱ የእጅ ጽሑፍ አለ። ያለችው ብዕር አንዲት ናት። በእሷ ማመልከቻ ይጽፋል፣ በእሷ የዕድር ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ሚስቱ ዱረቲ ከገበያ የምታዘውን ሳይቀር በእሷ መዳፉ ላይ ይጽፋል። ሸሚዙ ሁሉ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ነው። ዱረቲም ቀለሙን ለማስለቀቅ መታገሉን ከተወች ቆይታለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚከራከሩት ይህንኑ ነው።

«ብዕር የሚያልቀው ሲጻፍበት ነው። ያንተዋ ዛሬ ነገ ታልቃለች» ይላል ጫንያለው።

«ትለቅ! ለዚያ አይደል እንዴ የተሠራችው?» ይላል ቀነአ። «ለመሆኑ ኦቦ ጫንያለው፣ አንተ ባለቤታቸው ነህ ወይስ ዘበኛቸው?»

ሻይ ቤቱ ይስቃል። ጫንያለውም አብሮ ይስቃል፤ ማታ ግን አልጋው ላይ ሲገላበጥ መልሱ ይመጣለታል፤ ያኔ ደግሞ የሚነግረው ሰው የለም።

አንድ ቅዳሜ ቀነአ አበዛው። «አንተ የሞትክ ዕለት እኮ የሺአረግ አንድም አታስቀርም። ለቆራሌው በኪሎ ነው የምትሰጥልህ!» አለ። የሺአረግ የጫንያለው ሚስት ናት። ጫንያለው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። የሚቀጥለውንም ቅዳሜ ቀረ። ቀነአ ብቻውን ተቀምጦ በር በሩን ሲያይ ዋለ ብለው ሲነግሩት፣ «ይየዋ!» አለ። ሰው ኩርፊያውን ከጨረሰ በኋላ የሚታረቅበት ጊዜ የተቀመጠለት ይመስለዋል። በሳምንቱ አጋማሽ ቀነአን ስትሮክ ጣለው።

ዱረቲ የደወለችው ከሆስፒታል ወደ ቤት ከመለሱት በኋላ ነበር። «ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ጫንያለው፣ ቶሎ ይድረሱልኝ። ስምዎን የሚጠራ ይመስለኛል፤ ግን አልገባን አለ።»

ሲደርስ ክፍሉ በጎረቤት ተሞልቷል። «አካም ጅርታ፣ አካም ጅርታ» ተባብሎ ሰላምታውን ሲጨርስ አልጋው ጥግ ተቀመጠ። የቀነአ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሏል፣ ቀኙም ጉልበት አጥቷል፣ ምላሱ ተሳስሯል፣ አእምሮው ግን ሙሉ እንደሆነ ዓይኑ ይናገራል። ልጁ ጨመዳ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ መጥቷል፤ ነገ ንጋት ላይ ወስዶ እዚያ ሊያሳክመው ነው። ቀነአ ጓደኛውን ሲያይ አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ቃል አልሆነም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለች ዱረቲ። «ቀን የለ ሌት የለ፣ እጁ ዕረፍት አጥቷል። ነርቭ ነው አሉኝ።»

ጫንያለው እጁን ትክ ብሎ አየው። ጣቱ ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ትንሽ ይነሣና ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የአልጋው ዳር ሲደርስ ወደ ግራ ይመለሳል። ይህን እጅ ስንት ዓመት ወረቀት ላይ ሲሄድ አይቶታል!

«የምን ነርቭ ነው? እየጻፈ እኮ ነው!» ብሎ ብድግ አለ።

ወረቀት መጣ። እስክሪብቶ አስያዙት፤ ጣቱ መጫን አልቻለምና ወረቀቱ ላይ የቀረው የማይታይ ጭረት ብቻ ሆነ። ጨመዳ ስልኩን አቀረበለት፤ የሚንቀጠቀጠው ጣት አንዱን ፊደል ሲፈልግ ሌላውን ይነካል። ዱረቲ የራሱን ብዕር ከመሳቢያ አወጣችው። ሲወድቅ ከኪሱ አምልጣ ሲሚንቶው ላይ ተተክላ ኖሮ ጫፏ እንደ ዶሮ ጥፍር ተቆልምሟል። እንዲህ ያለ ብዕር ግን ጉልበት አይፈልግም፤ ወረቀቱን ከነካ ቀለሙ ራሱ ይወርዳል። ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ጫንያለው ቡፌውን አሰበ። ነገ ይዘውት ይሄዳሉ። ሊለኝ የፈለገውን ሳይለኝ ይሄዳል። ስለ ኩርፊያዬ ይሆናል፣ ብቻውን ስለጠጣት ሻይ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያውቃል?

«ጠብቀኝ፣ መጣሁ» አለና ወጣ።

ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። «ንዳው እንጂ ልጄ!» ይላል በየመታጠፊያው። «አባ፣ መንገዱ ተቆፍሯል እኮ» ይለዋል ሹፌሩ። ቤት ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ወጣ፤ የሺአረግ ይህን ስታይ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባት። የቀለም ብልቃጥ ነበረው፤ «አንድ ቀን ሰይጣን ካሳሳተህ» ብሎ ቀነአ ራሱ ያመጣለት ነው። ቡፌውን ከፈተና የመጀመሪያዋን ብዕር ሞላ። ሆዷ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ከድርቀት ብዛት ተሰነጣጥቆ ኖሮ ቀለሙ እጁ ላይ ተዘረገፈ። ሁለተኛዋ ቀለም መሳቢያዋ አልነቃነቅ አለ፤ ሲታገላት እጁ ላይ ተሰበረች። ሌላዋ ቀለሙን ጠጣችና ጠብታ አልተፋም አለች። በማር የመጣችው ጫፏ ዝጓል። አንዷን ጥሎ አንዷን ያነሣል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ሸሚዙ ሰማያዊ ሆነ። ሲጻፍባቸው ያልቃሉ ብሎ የቆለፈባቸው ብዕሮች ሳይጻፍባቸው አልቀው ነበር። እሑድ እሑድ ሲወለውል የኖረው ቆዳቸውን ብቻ ነው።

«አንዲትም! አንዲትም የምትሆን የለችም!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ያስጮህሃል?» አለች የሺአረግ። «ብትሞላስ ባትሞላስ? ትምህርት ቤት እያለን እየነከርን አልጻፍንም? ነክረህ አስይዘው። ሰውዬው እየጠበቀህ ነው።»

ለመንከር ጤነኛ ጫፍ ይበቃል። የማይዝግ ጫፍ የነበራት ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፤ ጥቁሯ፣ ባለ ወርቅ ጫፏ፣ ከነካርቶኗ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችው። ቀለም የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም። ቀነአ ስንቴ «አንዴ ልያዛት» ብሎ ለምኖ በቡፌው መስታወት በኩል ነው ያሳየው። የታመመ እጅ በወርቅ ጫፍ ላይ ምን እንደሚሠራ ጫንያለው ያውቃል፤ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ያለ አግባቡ ከጎተቱት ይከፈታል፣ አይመለስም። እና ምን ይዋሻል፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ሰሰተ። ካርቶኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከዚያ በራሱ አፈረና ነጥቆ ወጣ።

ሲመለስ ጎረቤቱ ተበትኖ ነበር። ከቀነአ ጀርባ ትራስ ደግፈው፣ ጉልበቱ ላይ ትሪ አድርገው፣ በትሪው ላይ ወረቀት ዘረጉለት። ጫንያለው ብልቃጡን ይዞ አጠገቡ ቁጭ አለ። ብዕሯን ነከረ፣ ጫፏን አራገፈ፣ በእነዚያ ጣቶች መካከል አስገባት። ቀነአ እንዳያት አወቃት፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ የጻፈው ለዱረቲ ነው፣ በኦሮምኛ። ያ እጅ፣ የስንቱን ስም ያሳመረ እጅ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተንጋደደ። ዱረቲ ጎንበስ ብላ ቃል በቃል አነበበችው፤ ትራሱ በዝቷል፣ አንገቱን እያመመው ነው ይላል። ያ ሁሉ መቁነጥነጥ! እሷ እንዲመቸው ብላ በየቀኑ ትራስ ስትጨምርለት ከርማለች። «ዋቃ ኮ!» አለች፤ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አንዱን ትራስ ከጀርባው ሳበች።

ከዚያ ቀነአ ፊቱን ወደ ጓደኛው አዞረና ብዕሯን ዘረጋ። ጫንያለው ነከረለት። የሚጽፈው በአማርኛ ነበር፤ ለሱ ነው ማለት ነው። ብዕሯ ተጣመመች፣ ወረቀቱን ቧጠጠች፣ የወርቁ ጫፍ ጫንያለው በዓይኑ እያየ ለሁለት ተከፈተ። ልቡ ተቃጠለ። ቢሆንም ብልቃጡን አላራቀም። ስድብ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፣ ይቅርታ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስበት አላወቀም።

ወረቀቱ ላይ የወጣው «ፈራሁ» የሚል ነው።

ቀነአ እጁን አሳረፈ፣ ተነፈሰ፣ ብዕሯን ደግሞ ዘረጋ። ጫንያለው ነከረለት።

«አንተም ና።»

ጨመዳ ከኋላ ሆኖ አነበበውና ደነገጠ። «አባባ፣ እኔ አለሁ እኮ!» አለ። ቀነአ ልጁን አላየውም።

ጫንያለው መንገዱ ከከፋ ወዲህ በአዲስ አበባ መስመር ከአኖ ከተማ ወዲያ ማዶ እግሩ ረግጦ አያውቅም። ለሠርግ ሲጠሩት ጉልበቴን ይላል፣ ለለቅሶ ሲጠሩት ደም ግፊቴን ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሐኪም ይመሰክርለታል። አሁንም «ጉልበቴ...» ሊል አፉን ከፈተ። የሺአረግስ ብቻዋን? ቤቱስ? ፍተሻው፣ ወሬው፣ ሰው የሚያወራው ሁሉ? ዱረቲ አየችው፣ ጨመዳ አየው። ቀነአ ግን አልለመነም፤ ሻይ ቤት በር በሩን ሲያይ እንደዋለው ሰው ይጠብቃል። ያንን ቅዳሜ ጫንያለው አላየውም ነበር። አሁን አየው።

«ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» ብሎ ጨመዳን ጠየቀው። እሱም ፈርቷል፤ ከማንም አልደበቀውም።

«አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጋሼ» አለ ጨመዳ።

ቀነአ የተከፈተችውን ብዕር ዘረጋ። ጫንያለው ነከረለት። ጓደኛው ደክሞታል፤ ፊደሎቹ ከመስመር እየወረዱ፣ አንዱ ሌላው ላይ እየወጣ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀስ ብለው ተሰበሰቡ።

«ቀለም ያዝ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ብዙ አወራሃለሁ።»