ከሴራሚኩ ስር

ዳምጠው ቤቱን ሊያድስ ሲነሳ ዲላ ውስጥ ያላማከረው ሰው የለም። የሻይ ቤቱን ባለቤት ጠየቀ፣ አብረውት ጡረታ የወጡትን ጠየቀ፣ ቀለም የሚሸጠውን አብዱልአዚዝን ጠየቀ፤ ቀለም ሻጭማ ምን ይላል፣ «ሁለት ጊዜ ቀባው» ከማለት ሌላ! ያልጠየቃት ሰው ብትኖር እዚያው ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረችው ሚስቱ ቆንጅት ናት።

ነገሩ አጣዳፊ ነበር። ልጃቸውን ኤልቤቴልን ለእዮብ ለመጠየቅ ከሬኮ ሽማግሌ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል። ዳምጠው ደግሞ «በዚህች ጠባብ ሳሎን ሽማግሌ ከማስቀምጥ ሞቴን እመርጣለሁ» አለ። ሳሎኗ እኮ የሰፈሩን የጸሎት ቡድን ስትችል የኖረች ናት፤ ግን ማን ይስማ! ሰውየው አንዴ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሴራሚክ ረግጦ መጥቷል።

ግንበኛው ጆሲ ይባላል። ሙያውን የተማረው ከስልኩ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው ተቀባ፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው። የዲላ ዝናብ መች ቀጠሮ ያከብራል? ቀለሙን አጥቦ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። አብዱልአዚዝ ደስ እያለው ሌላ ቀለም ሸጠ።

በዚህ መሃል የቆንጅት እህት ታመመችና ወርቃ ከተማ ሄዳ ልታስታምማት ግድ ሆነ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ዳምጠው፣ ሳሎኑን ወደ ጓሮ ከመግፋታችሁ በፊት ደውልልኝ» አለችው።

«እሺ፣ እሺ» አላት። ይህን እሺታ ሠላሳ ዓመት ስትሰማው ኖራለች።

አልደወለም። እንሰቱ ተነቀለ፣ ጓሮው ተደለደለ፣ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፣ ሴራሚክ ተነጠፈ። ሳሎኑ እጥፍ ሆነ። ዳምጠው ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሲንጎራደድበት ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ። «ጥራቱ ነው፣ ጋሼ» አለው ጆሲ።

ቆንጅት ቅዳሜ ከሰዓት ተመለሰች። አላደነቀችም፣ አልጮኸችም። ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ተነስታ እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደችና አዲሱ የመስታወት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ቆጮዬ እዚህ ነው» አለች።

ዳምጠው ክው አለ። ለዚህችው ቀን ብላ እንሰቱን ፍቃ፣ በኮባ ሸፍና፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀበረችው ቆጮ! ከላይ የሚጫነውን ድንጋይ እንኳ ያቀበላት እሱ ራሱ ነበር። ጆሲም ድንጋዮቹን ሲያይ «እንዴት ያለ መሠረት ነው!» ብሎ ሲሚንቶውን እላያቸው ላይ አፍስሶታል።

«ከእሁድ በኋላ እናወጣዋለን» አለ ዳምጠው ድምፁን አለስልሶ። «ለነገ ኬክ ይበቃል።»

«ኬክ» አለች ቆንጅት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አቶ ዘርዓብሩክ ገና ሲገቡ ወለሉ አንሸራቷቸው በሰው ክንድ ተረፉ። ጥያቄው ቀረበ፣ እሺታው ተሰጠ፣ እልል ተባለ። ኬኩ ሲመጣ ግን አዛውንቱ በሹካ ነካ ነካ አድርገው ተዉት።

«አቶ ዳምጠው፣ የእዮብ እናት ‹የቆንጅትን ቆጮ ቅመሱና ንገሩኝ› ብላ ነው የላከችን። ሙያዋ ሬኮ ድረስ ይወራል። የታለ?»

ዳምጠውን ላብ አጠመቀው። የሚያብረቀርቀውን ወለል አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ ከዚያ አፉ ቀደመው።

«ዘንድሮ… ተበላሸባት። አልሆነላትም።»

ወይ ጉድ! በሙያዋ ታምታ የማታውቅ ሴት! ቆንጅት ትሪውን እንደያዘች ቀረች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሁን እውነቱን ብትናገር ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ባሏን በእንግዳ ፊት ከማዋረድ ሙያ ቢስ መባሉን መርጣ ዝም አለች። ኤልቤቴል አባቷን ትኩር ብላ አየችው። እንዲህ አይታው አታውቅም።

ዳምጠው አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው፣ ይህ ነው።

«ዋሸሁ» አለ ብድግ ብሎ። «ቆጮው አልተበላሸም። ሳልጠይቃት ሴራሚክ አነጠፍኩበት። ከእግርዎ ስር ነው ያለው።»

አቶ ዘርዓብሩክ እግራቸውን አነሱ። ወለሉን አዩት፣ ቆንጅትንም አዩዋት።

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉ ኮታቸውን እያወለቁ።

ዳምጠው ዲጂኖ ፍለጋ ወደ በሩ ዞረ። ዲጂኖው ከበሩ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቆንጅት ከትናንት ጀምራ እዚያ አስቀምጣው ነበር።

ጆሲ ሲሚንቶ ቆጥቦ ኖሮ በሦስተኛው ምት ወለሉ ተሰነጠቀ። ቆጮው ነጣ ብሎ፣ ደህና በስሎ ወጣ። ተጨምቆና ተጋግሮ እስኪደርስ ሽማግሌዎቹ በፍርስራሹ ዙሪያ ተቀምጠው ጠበቁ። አቶ ዘርዓብሩክ ጎረሱና «ለእናትየው የምነግራት አገኘሁ» አሉ። ቆንጅት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሰኞ ጆሲ መጥቶ «ጋሼ፣ ጉድጓዱን ልድፈነው?» አለ።

«እሷን ጠይቃት» አለ ዳምጠው።

ቆንጅት ከጓዳ ብቅ አለች። «ተወው፣ ክፍቱን ይቆይ» አለች። «እሺ ባለኝ ቁጥር ይየው።»