መበለቲቱ ከሰጠች በኋላ

ዝናቡ በቀረበት ዓመት በእማማ ታይቱ ቤት የተረፈው እህል ከምድጃው በላይ በተሰቀለው ትልቅ ቅል ውስጥ ያለው የዘር ማሽላ ብቻ ነበር። ጢስ ነቀዝን ያባርራል፤ እንግዳን ግን አያባርርም።

ምራታቸው አምሳለ ቅሉን በዓይኗ ትጠብቀው ነበር። ባሏ፣ የእማማ ልጅ ምሳው፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ለክረምት የሚዘራው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

አንድ ምሽት ከደጅ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!»

ከሰሃላ ወደ ሰቆጣ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። እማማ ታይቱ «ግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉና ቅሉን አወረዱ።

«እማማ፣ ዘሩን?»

«እና ምን ላብላው፣ ያንቺን ኩርፊያ?»

ግማሹ ተፈጨ። ሽማግሌው በልቶ አደረና ሲነጋ መርቆ ሄደ።

«በሉ እንግዲህ ምርቃቱን እንዝራው» አለች አምሳለ።

እማማ አልተቆጡም። «በዚያ በክፉው ዘመን ቄሱ አባቴ በኽምጣኛ ይነግሩን ነበር። ድርቅ ሆነ። አንዲት መበለት የቀረቻትን እፍኝ ዱቄት ጋግራ፣ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ስትል ነቢዩ መጣ። አብይኝ አላት፤ ሰጠችው። አለቀ። እኔም እሰጣለሁ።»

አምሳለ ሳቀች። «አለቀ ያለዎት ማነው? ሰቆጣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን! ዝናብ እስኪመጣ ድረስ እኮ ዱቄቷ ከማድጋው አልጎደለም። ለእሷ ሞላላት። የእርስዎ ቅል ግን ይኸው፣ ግማሽ ነው!»

እማማ ታይቱ ቅዳሴው ላይ ግዕዙን ቆመው ይሰማሉ እንጂ አይፈቱትም። ማንበብም አያውቁም።

«አልጎደለም?»

«አልጎደለም።»

«አባቴ ይህን አልነገሩንም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «የኛን ዱቄት ለመንገደኛ ሰጥተው ታናሼን ስንቀብር እንኳ አልነገሩንም።»

ከዚያ ወዲህ እማማ በየማለዳው አማትበው ቅሉን ያወርዳሉ፤ እጃቸውን ይሰዳሉ። አምሳለ መጀመሪያ ነቀዝ የሚፈልጉ መስሏት ነበር።

«ያው ነው» ይላሉ፣ መልሰው እየሰቀሉ።

ሰማዩ መዳመን በጀመረ ሰሞን፣ ሊመሽ ሲል፣ «ቤቶች!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ከሴትዮዋ ጋር የሚያለቅስ ልጅ አለ። አምሳለ የለመደችውን «ግቡ» ጠበቀች። እማማ ታይቱ ግን ተነሥተው ቅሉን አወረዱ፤ እጃቸውን ሰደዱ፤ ብዙ ቆዩ።

«ያው ነው» አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ተቀመጡ።

«ቤቶች! የመሸብን ነን!»

አምሳለ አፏን ከፈተች። በዚህ ቤት «ግቡ» ብላ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የሚሉት እማማ ነበሩ። ደግሞም ዘሩ ተርፏል፤ የፈለገችው ይህንኑ አልነበር? አፏን መልሳ ዘጋች።

የልጁ ለቅሶ ቁልቁለቱን እየወረደ ራቀ። የጎረቤት ውሻ እየጮኸ እስከ ወንዙ ሸኛቸው።

ሲነጋ እማማ ታይቱ አማተቡና ቅሉን አወረዱ።